በእትዬ ዘምዘም ደጅ የተለማመድነው መርዶ

ሰኞ

አማካሪዬ የተውኔቴን ሁለተኛ ገቢር መለሰልኝ። ሽማግሌዎቹ ለእናትየው መርዶ ይዘው ሲመጡ አላስፈራኝም አለ። እስከ ሰኞ አስተካክዬ ካላስረከብኩ ማስተርሴ ለከርሞ ነው። አልተከራከርኩም። ገዢ ጨርቁን ዳስሶ ካልወደደው ምላስ አይሸጠውም።

ጮክ ተብሎ ሲነበብ መስማት አለብኝ። የሚያነቡልኝ፦ የጨርቅ ሱቄ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉት ጋሼ እንድሪስ፣ መምህርት የሺ፣ አራት የሥራ ባልደረቦቿ። ለሁሉም የሚመቸው ከሥራ በፊት ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።

ከሰዓት ጎረቤቴ እትዬ ዘምዘም መጡ። ልጃቸው ሐያት ዓረብ አገር ናት፤ ዓርብ ዓርብ በእኔ ስልክ ትደውልላቸዋለች። ባለፈው ዓርብ አልደወለችም። «ኔትወርክ ነው፣ አብሽሩ» አልኳቸው። ኔትወርክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ማክሰኞ

ግቢዬ ውስጥ ወንበር ደርድረን አነበብን። የሞተ ነገር። የሺ እንኳ አዛጋች። ጋሼ እንድሪስ ወረቀቱን አጥፈው፣ «መርዶ ተቀምጦ አይነገርም። ከደጅ ተሰብስበን፣ ዝም ብለን እንግባ» አሉ። ልክ ናቸው። ሐሙስ ጋቢ ለብሰው እንዲመጡ ተስማማን።

ረቡዕ

የሐያት ስልክ ዝግ ነው። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ከወግዲ የመጣች ደንበኛዬ እህቷ ሐያት ያለችበት ከተማ ናት፤ አስደውያት ነበር፣ ሐያትን ካየናት ሰነበትን አሉ። ለእትዬ ዘምዘም አልነገርኩም። የተጣራ ነገር ሳልይዝ ምን ብዬ?

ተውኔቴ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሐሙስ

ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኔ በርና የእትዬ ዘምዘም በር ፊት ለፊት ናቸው። ምን እንደምንለማመድ ቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር።

ጭጋግ ነበር። ስድስቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጄ ላይ ቆሙ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ምልክት ልሰጣቸው ስል የማዶው በር ተከፈተ። እትዬ ዘምዘም ጀሪካን ይዘው ወጡ። አዩዋቸው። አልጮሁም። ጀሪካኑን ቀስ ብለው አስቀመጡና ጋሼ እንድሪስን፣

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃላችሁ?» አሏቸው።

ተውኔት ነው ብለን ማልን። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ማን ያምናል? እዚህ አገር ሰው ለመርዶ የሚጠራው «ትንሽ አሟት ነው» እየተባለ ነው። ሐዘን ሲሸፈን ያላየነው ውሸት የለም፤ የእኛው ደግሞ አዲስ ዓይነት መሰላቸው።

በሦስት ሰዓት ሴቶች ለልቅሶ እየመጡ ነበር።

ዓርብ

እትዬ ዘምዘም አያለቅሱም፣ አይበሉም። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የቅሬው፣ የእድራችን ሰዎች፣ ድንኳን እንትከል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንዳትሞክሯት አልኩ። ጋሼ እንድሪስ ወላሂ ብለው ማሉላቸው። እሳቸው ግን «ሽማግሌ ለመርዶ ሲል ይዋሻል፤ አላህም ይምረዋል» ብለው መለሱላቸው።

ዛሬም አልተደወለም።

እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ጋሼ እንድሪስ ከትናንት ወዲህ ዓይኔን አያዩም። የሚያውቁት ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው። መርፌው ላይ ክር ለማስገባት ብዙ ቆዩ። «እኔ የማውቀው አንቺ የጻፍሽውን ነው» አሉ።

ያቺን የእትዬ ዘምዘምን «ከመቼ ጀምሮ» የምትል ጥያቄ ሁለተኛው ገቢር ውስጥ አስገብቻታለሁ። ሐሙስ ዕለት፣ ሴቶቹ ሳይበተኑ ነው የጻፍኳት። እዚህ ካልተናዘዝኩ የት እናዘዛለሁ።

ቅዳሜ

ገበያው ደርቶ ሳለ በማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለ። ሐያት ናት! ሱቁን ክፍቱን ትቼ ሮጥኩ።

እትዬ ዘምዘም ድምፁን ሰምተው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። «ይቺ ደግሞ ከተዋናዮችሽ የትኛዋ ናት?» አሉኝ። ከዚያ ለስልኩ፣ «የሄድሽ ለት ሻንጣሽ ውስጥ ምን ሸጎጥሁልሽ?»

የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈትኩት። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«በርበሬው ውስጥ፣ የአባባን መቁጠሪያ፣ ሙስበሃውን። እማ፣ ምን ሆናችሁ?»

ያኔ አለቀሱ። ቤቱ ሙሉ ሴት አለቀሰ።

ሐያት አሠሪ እንደቀየረች፣ ስልኳም እንደጠፋባት ነገረቻቸው። በመጨረሻ እኔን ፈለገች፤ ወደ ደጅ ወጣሁ። አሠሪ አልቀየረችም። ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ አንድ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ጋር ተደብቃለች፤ ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ ዘንድ ቀርቷል። «ለእማ እንዳትነግሪያት። ዓርብ እደውላለሁ» አለችኝ።

ስመለስ እትዬ ዘምዘም፣ «ምን አለችሽ?» አሉ። ሽቶ ልላክልሽ ወይ አለችኝ አልኳቸው። ውሸቱን ቶሎ ነው ያመጣሁት። ፈገግ አሉ።

ሰኞ

አስረከብኩ። አማካሪዬ በምሳ ሰዓት ደወለ። ያቺ ጥያቄ አስደነገጠችኝ፣ ከየት አመጣሻት አለ። ከሰፈር አልኩት።

እትዬ ዘምዘም ማለዳ በሩን ከፍተው ሰላም አሉኝ፤ ቀለል ብሏቸዋል። ጀሪካኑን አንስቼ እስከ ቦኖው ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ሐያት አወሩ። እኔ ቀኑን እቆጥር ነበር። ለዓርብ አራት ቀን ይቀራል። ካልደወለች የሚጠይቁኝን አውቀዋለሁ፤ መልሱ ደግሞ «ከቅዳሜ ጀምሮ» ነው።