አባዬ ከቃጭሉ በኋላ የጸለየው

ማርች 3፣ እሁድ

የተለመደ እሁድ። ፓስተር ፕዮ ሃምሳ ደቂቃ ሰበኩና "በመጨረሻም" አሉ... ከዚያ ሃያ ደቂቃ ጨመሩ። ሆዴ ከኦርጋኑ በላይ ጮኸ።

ኦርጋኑ ላይ ሶዳም የለችም። እህቴ ዘጠኝ ዓመት በተቀመጠችበት ወንበር የዲያቆኒት ማልሱን ልጅ ተቀምጦ መዝሙሩን ሲደበድበው ዋለ። ሶዳም "የምወዳት ሴት ናት፤ ጌታንም አልተውኩም" ስላለች ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አነሷት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባዬ ነው። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ጆንጁ ከተማ፣ ያቺ የምትወዳት ኢንሄ ጋ ገባች። ይኸው አንድ ወር። ከዚያ ወዲህ አባዬ ስሟን ጠርቶ አያውቅም።

ማርች 6፣ ረቡዕ

የጸሎት ርዕስ ወረቀቱ ላይ ወጥታለች! አራተኛ ቁጥር፦ "ስለ እህት ሶዳም ሕመም"። ከሷ በላይ የዲያቆኒት ማልሱን ጉልበት፣ ከሷ በታች የሚያፈሰው ጣሪያ።

ሕመም? ሁለት ሳህን ሩዝ የሚጨርስ በሽተኛ የት ታይቷል? ይህንኑ ዲያቆኒቷን ጠየቅኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ስድስተኛ ቁጥር ላይ እናስገባው?" አሉኝ።

ጥሩ መልስ ናት፤ አልክድም። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ማርች 9፣ ቅዳሜ

የንጋት ጸሎት። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ የሚቀሰቅሰው እኔን ነው። እንቅልፌን ይዤ ሄድኩ።

እኛ ጋ፣ እንደ ኮሪያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ፣ ሁሉም ሦስቴ "ጌታ ሆይ" ብሎ ይጮህና የየራሱን ባንዴ ይለቀዋል። ፓስተሩ ቃጭል ሲመቱ ጸጥ። በዚያ ጫጫታ ማንም ማንንም አይሰማም... ከኔ በስተቀር። ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የሰፈሩን ምስጢር የለቀምኩት እዚያ ነው። (ማልሱን የሚጸልዩት ስለ ጉልበታቸው አይደለም፤ ስለ ምራታቸው ነው።)

ዛሬ ጆሮዬን ወደ አባዬ ጣል አደረግሁ። ወትሮ ስለ አገር፣ ስለ መነቃቃት ነው። ዛሬ አንዱን ነገር ይደጋግማል፦ "ልጄን አትለውጥብኝ። እንዳለች መልስልኝ። ያንተ እንደሆነች አውቃለሁ።"

ቃጭሉ ተመታ። አባዬ ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ። ቁርስ ላይ ዓሣው ጨው በዝቶበታል አለ።

ለምን እኛ ፊት አይለውም?

ማርች 10፣ እሁድ

ጸሎትህን ሰምቻለሁ፤ ለሶዳም ደውልላት አልኩት። ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

"የሰው ጸሎት ይሰረቃል?"

"ጮክ ብለህ እኮ ነው።"

"ለእግዚአብሔር ነው የጮህኩት።"

"እሱማ ሹክ ቢሉትም ይሰማል። ያልሰማችው ሶዳም ናት።"

ጋዜጣውን ገለጠ። የትናንቱን ጋዜጣ።

ማርች 17፣ እሁድ



ፓስተር ፕዮ "አራተኛውን ርዕስ እንያዝ" አሉ። ጉባኤው ብድግ ብሎ እህቴ እንድትድን ጮኸ። እኔ አፌን ገጠምኩ። አባዬ ከፊት፣ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ነው። ቃጭሉ ተመታ። ሁሉም ዝም አለ።

አባዬ ዝም አላለም። አልሰማ ይሆን? ሰምቶ ነው? ድምጹ ብቻውን ቀረ፦

"ልጄ አልታመመችም። አንተ የፈጠርካት ናት። ያባረርናት እኛ ነን... እኔ ነኝ።"

ፓስተሩ ቃጭሉን ደገሙት። ቀጠለ። ሦስተኛ መቱት። ዲያቆኒት ማልሱን ያለቅሳሉ። ለማን እንደሆነ እንጃ። ስንወጣ ሰው ሁሉ ጫማውን በመፈለግ ተጠምዶ ነበር፤ ሰላም ያለን የለም።

ማርች 20፣ ረቡዕ

አባዬን ከሽምግልና አነሱት።

ለሶዳም ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። "ይህን ያለው እኔ በሌለሁበት" አለች። ስልኩን ዘጋችው።

ማርች 31፣ ፋሲካ

ጆንጁ። አባዬ ጠዋት ተነስቶ "ልበሺ" አለኝ፤ በአውቶቡስ ሄድን። የእነ ሶዳም ቤተ ክርስቲያን ከአንድ የሾርባ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ሰው ሃያ አይሞላም። ፓስተራቸው ሴት ናቸው፤ ስብከታቸው አጭር። (እዚህ ብወለድ ኖሮ!) ሶዳም ኪቦርዱ ላይ ነች። የጌታን እራት ሳህን ይዛ የምትዞረው ኢንሄ። እዚህ ሁለቱ የማንም የጸሎት ርዕስ አይደሉም። ምዕመን ናቸው።

ሳህኑ ሲደርሰው አባዬ ተነስቶ ለኢንሄ ጎንበስ አለላት። ኢንሄ ደንግጣ ሕብስቱን ልትደፋው ነበር።

ከዚያ እዚያው ምሳ፤ ሾርባ። ሶዳም መጣች፤ "እንኳን ደህና መጡ" አለችው። አንቱ! ሃያ አራት ዓመት "አንተ" ስትለው ኖራ...

ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ያን ቀን ከኦርጋኑ ስነሳ ወደ እርስዎ አየሁ። መዝሙር መጽሐፉን ያገላብጡ ነበር።"

"ቁጥሩን እየፈለግሁ ነበር።"

"አገኙት?"

አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"አላገኘሁትም።"

ሶዳም የሾርባ ሳህኑን አነሳች፤ የቀዘቀዘውን ሾርባ ደፍታ ትኩሱን ቀዳችለት፣ ፊቱ አኖረችው።

"ይብሉ" አለችው።

አሁንም አንቱ።