አራት ዲግሪ፣ አረንጓዴ

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ለመድኃኒት መጋዘናችን ቀዝቃዛ ክፍል አዲስ ማቀዝቀዣ መጣ። ከኔትወርኩ ጋር አገናኘሁት። መሣሪያዎቻችንን የሚከታተለው ፕሮግራም ግን አላወቀውም... "ፕሪንተር" ብሎ መዘገበው። ይባስ ብሎ "ቀለም አልቋል" የሚል መልእክት ለአለቃዬ ስልክ ላከ። አለቃዬ ደግሞ ሰው ማመን ትቶ ስልኩን ማመን ከጀመረ ቆይቷል። ከሰዓት በኋላ ግዥ ክፍል ስገባ የሱ ደብዳቤ ደርሷል፤ ለማቀዝቀዣው ቀለም እንዲገዛ። ሳቄን ውጬ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ፕሮግራሙ ለማያውቀው መሣሪያ መግለጫ የምጽፈው እኔ ነኝ። ይሄ ቁጥር ሙቀቱ ነው፣ ይሄ የበሩ ነው፣ እያልኩ። ይሄኛው ዘጠና ሦስት ቁጥር ይልካል። የትኛው ምን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የለም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። "እህቴ፣ የእኛ ሥራ መሸጥ ብቻ ነው።" እግዜር ይስጥልኝ።
አለቃዬ "የማቀዝቀዣውን ሙቀት ወሩ ሳያልቅ ቢሮዬ ስክሪን ላይ ካየሁት ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ካላየሁት..." ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሁለት ዓመት በኮንትራት ሠርቼ! ካላየውስ ምን?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
የሙቀቱ ነው ያልኩትን ቁጥር መግለጫው ላይ ጻፍኩ። 45 ዲግሪ! የሁሉም ሰው ስልክ ጮኸ። ጥበቃው እሳት ማጥፊያ ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። ለካ ማቀዝቀዣው ቁጥሩን በአሥር አባዝቶ ነው የሚልከው፤ 4.5 ማለቱ ነው። "ለአሥር ይካፈል" ብዬ መግለጫው ላይ ጨመርኩ። ጥበቃው ግን ቀድሞኛል። የክፍሉ በር በዱቄት ነጭ ሆኗል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
አሁን ደግሞ ቁጥሩ ይዋዥቃል። 4.5፣ 5.2፣ 3.8...
"ምን ያዋዥቀዋል? ሰኞ እንግዶች አሉብኝ" አለ አለቃዬ።
ከዘጠና ሦስቱ መሀል አንድ የረጋ አገኘሁ። ሁልጊዜ 4.0። ጨዋ ቁጥር። መግለጫውን ወደሱ አዞርኩት። የፊተኛው የሞተሩ ይሆናል... ይሆናል? እንጃ። ደክሞኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
አራት ዲግሪ፣ አረንጓዴ። ፍንክች የለም። አለቃዬ እንግዶቹን ስክሪኑ ፊት አሰልፎ ራሱ የሠራው ይመስል አብራራላቸው።
ጋሽ ወረቀት ግን አልተደሰቱም። የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ቀዝቃዛው ክፍል ገብተው ቴርሞሜትር አይተው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ስማቸውም ከዚያው የወጣ ነው።
"ከእንግዲህ ዙሩ ይቅር፣ ይረፉ ጋሼ" አላቸው አለቃዬ።
"መቼ ደከመኝ አልኩ?"

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
ጋሽ ወረቀት ሹራባቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ቢሮዬ መጡ።
"ልጄ፣ ክፍሉ ሞቆብኛል።"
"ስክሪኑ አራት ነው የሚለው፣ ጋሼ።"
"ስክሪኑ ገብቶ ያውቃል?"
ተናደድኩ። ላሳያቸው አብሬያቸው ገባሁ። ቴርሞሜትሩ ዘጠኝ ይላል! የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ቆሟል። ያቺ ጨዋ ቁጥር ሙቀቱ አይደለችም። "አራት ሁን" ብለን የሰጠነው ትእዛዝ ናት። ማቀዝቀዣው የነገርነውን መልሶ ሲነግረን ከርሟል።
መድኃኒቱን እየተሯሯጥን ወደ አሮጌው ማቀዝቀዣ አዛወርን። ይጣል ወይስ አይጣል? ከሚፈቀደው ስምንት ዲግሪ በላይ ምን ያህል ቆየ? ጋሽ ወረቀት ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ዙሩን ደብቀው ቀጥለው ኖሯል። ከስምንት ካለፈ አንድ ሰዓት አልሞላም። የመጋዘናችን ፋርማሲስት ወረቀቱን አይታ "ተርፏል" አለች። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።
መግለጫውን ለማረም ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል። አለቃዬ የማራገቢያውን መበላሸት እንጂ ሌላ አያውቅም። ጋሽ ወረቀትም አይናገሩም። ማን ያውቃል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ነገርኩት። ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ ለአለቃዬ ነገርኩት።
"ለእንግዶቹ ያሳየሁት ምን ነበር ታዲያ?"
"የራሳችንን ትእዛዝ።"
ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው። "ቋሚነቱ ይቆይ" አለ በመጨረሻ። ይቆይ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30
ኮንትራቴ ስድስት ወር ተራዘመ። ቋሚ አልሆንኩም።
ማራገቢያው ተጠግኗል፤ መግለጫውንም አርሜ አዲስ መስመር ጨምሬበታለሁ። አሁን ስክሪኑ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ የማቀዝቀዣውን፣ ከሥሩ ደግሞ ጋሽ ወረቀት በዙራቸው የሚያስገቡትን። ሁለቱም ይዋዥቃሉ። አለቃዬ እየለመደው ነው።
ዛሬ ግን ተለያዩ። የኔ 4.6፣ የሳቸው 9። አሁንም እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? ሮጬ ገባሁ። ቴርሞሜትሩን አየሁ። ደግሜ አየሁ። ከአምስት በታች ነው።
ጋሽ ወረቀት ደረት ኪሳቸውን ዳበሱ። መነጽራቸው የለም፤ ቁጥሩን ያለሱ ነው ያነበቡት።
ራሳቸው ስልክ አውጥተው አለቃዬ ጋ ደወሉ።
"እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የልጄ ስክሪን ልክ ነው።"
ቋሚነቱን ረሳሁት ብል ውሸት ነው። ግን ደስ አለኝ። እዚያ ብርድ ውስጥ ቆሜ እንባዬ መጣ።