ቁጥሬን የሚያይልኝ ሰው

ላይፕዚግ፣ የካቲት 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዋኘው፤ ኮሶዬ

ምነው እንዲህ ጠፋህ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ግን የኮሶዬን ሐምሌ እንኳ ያስመኛል።

ዛሬ የፈተና ውጤት ተለጠፈ። እንደ ጎንደሩ ኮሌጃችን አንዱ የሌላውን ቁጥር የሚያይ መስሎኝ ከሰሌዳው ራቅ ብዬ ቆምኩና አብራኝ የምትማረውን ሄልጋን፣ «እባክሽ የእኔን እዪልኝ፤ እኔ ያንቺን አይልሻለሁ» አልኳት። ገርሟት፣ «ዓይን የለህም እንዴ? የለፋሁት ለራሴ ነው፤ የራሴን ራሴ አያለሁ» አለችኝ። እዚህ ሁሉም የራሱን አይቶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ይሄዳል። እኛ መቼ ለራሳችን ብቻ ለፍተን እናውቃለን? የሚያተጋን ደጃፍ ላይ ቆሞ ውጤታችንን የሚጠብቀው ሰው ነበር።

ያ የስኮላርሺፕ ዝርዝር የተለጠፈ ቀን ትዝ አለኝ። አንተ የእኔን ቁጥር አግኝተህ «አልፈሃል!» እያልክ ተሸክመኸኝ ስትዞር፣ እኔ ያንተን ሦስት ጊዜ ፈልጌ አጥቼው ነበር። ስለ ራስህ ሳትጠይቀኝ ግቢውን በጩኸት አናወጥከው።

ዛሬም ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ያንተን አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። ከዚያ የእኔን አየሁ፤ አልፌያለሁ። ዞር ብል የሚጮህልኝ አጣሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእናትህን የእማማ ለተ ማርያምን ጉልበት ሳምልኝ። በሰኔ ዳግም ለስኮላርሺፑ ስትፈተን እህቴ እታገኘሁ ቁጥርህን ትይልህ፤ ድምፅዋ ከእኔ ይበልጣል። ይህ ሲደርስህ ደግሞ የኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ ቁምና አንድ ጊዜ «አልፈሃል!» በልልኝ። አንተ እስክትጮህ ድረስ ያለፍኩ አይመስለኝም።

ታከለ