የዝናቡን ድምፅ አጥፍቼዋለሁ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ደህና ነህ ወይ» ብዬ አልጀምርም፤ ደህና እንዳልሆንክ ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ እንዳትለኝ፣ እሱንም በቦታው እነግርሃለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ እሺ በለኝ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ወረቀቱን እንዳትቀደው። መቅደዱን እኔ ጨርሼልሃለሁ። ይኸኛው አራተኛው ነው። የመጀመሪያው ልመና ሆነብኝ፣ ሁለተኛው ቁጣ፣ ሦስተኛውን ደግሞ መልሼ ሳነበው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ለራሴም አልገባኝም።

ሥራ እያቋረጥኩ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ የራሴ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ፣ ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቀኛል፤ አንተን ሳስብ ግን መስኮት ሰብራ አልጋ ሥር የተደበቀችው ጩጬ ነኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጨዋታውን መጨረስ አለብን። ከአራታችን አንዷ፣ ፋርማሲስቷ፣ ተዛውራለች፤ ሰኞ ዕቃዋን ጭና ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የኖርንበት ታሪክ ወይ ቅዳሜ ያልቃል ወይ ጭራሽ አያልቅም። አራተኛችን ሹፌሩ በየቀኑ ታክሲውን ደጄ ላይ እያቆመ፣ «አጫዋቻችን ይመጣል አይደል?» ይለኛል። «ይመጣል» እለዋለሁ። ውሸቴን ነው። ሰባት ቅዳሜ ወንበርህ ባዶ ነው፣ እኔም ሰባቱንም ቅዳሜ አንዴ «ሥራ በዝቶበት ነው»፣ አንዴ «ጉንፋን ይዞት ነው» እያልኩ ከረምኩ። ከዚህ በላይ የማስይዝህ በሽታ አልቆብኛል።

ባለፈው አንዲት ደንበኛ ጓዳ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ያለውን የጨዋታችንን ካርታ አይታ፣ «እናንተ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ምን ታደርጋላችሁ?» አለችኝ። «ወንድሜ ታሪክ ያወራል፣ እኛ ታሪኩ ውስጥ ገብተን እንኖራለን፤ ሲያከራክረን ቁጥር የተጻፈበትን ዳይስ ጥለን እሱ ይፈርዳል» አልኳት። «ታዲያ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትገቢው?» ስትለኝ፣ «እኔማ ሌባ ነኝ፤ ሙዚቃም እመርጣለሁ» አልኳት። ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ወጣች።

ሙዚቃውን ለምን እንደሰጠኸኝ ታስታውሳለህ? ለችሎታዬ አልነበረም። በሰው ተራ እየገባሁ ስለምለፈልፍ፣ «እጅሽ ሥራ ይፈልጋል፤ እጅሽ ሲይዝ አፍሽ ያርፋል» ብለህ ነው። ስፒከሯን ከልብስ መተኮሻው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ለጫካ አንድ፣ ለገበያ አንድ፣ ለውጊያ ሁለት ሙዚቃ ይዤ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን የጫካውን ስከፍት ዓይንህን ጨፍነህ፣ በሁለት ጣትህ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረግክ፣ «ጩጬ፣ ዛፎቹን አመጣሻቸው እኮ!» አልከኝ። የሙሽራ ልብስ ሰፍቼ ብዙ ተመርቄአለሁ፤ እንደዚያች ቃል ሆዴ የገባ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ጣቶችህን መጠበቅ ልማዴ ሆነ። ጣትህ ከተንቀሳቀሰ ሙዚቃው ሠርቷል ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ጣቶችህ ዝም አሉ። በሚቀጥለውም ዝም። በቃ ሰልችቶታል አልኩ። ምርጫዬ ሰለቸው፣ ምናልባት ጨዋታውም ሰለቸው፣ ምናልባትም እኛው ሰለቸነው። የእኔ ጭንቅላት እንደሆነ ለመጨነቅ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ማሽን ላይ ቁጭ ብዬ በአንድ እጄ ጨርቅ እየገፋሁ በሌላው ስልኬ ላይ ሙዚቃ እፈልግ ጀመር። ከበሮ ጨመርኩ፣ የሰይፍ ፍጭት ጨመርኩ፣ የገበያ ጫጫታ፣ ንፋስ፣ ነጎድጓድ። አንተ ዝም ባልክ ቁጥር እኔ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። ወደ ፊት ጎንበስ ብለህ አፍ አፋችንን ማየት ስትጀምር፣ «ይኸው ተመሰጠ!» ብዬ አሁንም እጨምራለሁ። ፋርማሲስቷ አንድ ቀን፣ «ትንሽ አልበዛም?» ስትለኝ፣ «አንቺ መድኃኒትሽን ቁጠሪ» አልኳት።

ያችን ቅዳሜ ታውቃታለህ። በእኔ በኩል ያለውን ግን አታውቀውም። ከተራራው ጫፍ፣ የድንጋዩ በር ጋ ደርሰናል። ሽማግሌውን ዘበኛ ሆነህ፣ ድምፅህን አጎርንነህ፣ «ሁለታችሁ እንድታልፉ አንዳችሁ በሩን ይዛችሁ ከእኔ ጋር መቅረት አለባችሁ። ማን ነው የሚቀረው?» አልክ። እኔ ለዚያች ደቂቃ ሦስት ሳምንት ያዘጋጀሁትን ዝናብ ከፈትኩ። ዝናብ ብቻ አይምሰልህ፤ ነጎድጓድ ያለበት፣ ከሥሩ ሴቶች የሚያዜሙበት፣ ስፒከሯን የሚያንቀጠቅጥ ዝናብ። ከዚያ መልሴን ተናገርኩ። አየኸኝ፣ ጠበቅክ። ደገምኩት። ፈገግ ብለህ ራስህን ነቀነቅክና ወደ ሹፌሩ ዞርክ። እሱ ተራው የእኔ ስለሆነ ዝም አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ። አንተም ማስታወሻህን ገለጥክና፣ «እንግዲህ የሚቀር ከሌለ በሩ ተዘጋ» አልክ።

ሁለት ዓመት ለራሷ ብቻ ስትሰርቅ የኖረች ሌባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ብላ አንድ ነገር ልታደርግ ስትል! ደሜ ፈላ። «ምነው አንተ፣ ደንቁረሃል እንዴ!» ብዬ ጮኽኩብህ። ሹፌሩ ሳቀ። ፋርማሲስቷም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ የቤታችን ቀልድ ነዋ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ሺህ ጊዜ ተባብለነዋል። ያንተ ፊት ግን አመድ መሰለ። ከተናገርኩት ሁሉ ያችን ብቻ ሰማህ። ዳይሶችህን አንድ በአንድ ለቅመህ ከረጢታቸው ውስጥ ከተትክ፣ ካርታውን እንደተዘረጋ ትተህ ወጣህ። ዝናቡ አሁንም እየዘነበ ነበር፣ ላጠፋው እንኳ ትዝ አላለኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት እውነታቸውን ነው።

በሳምንቱ የምትሠራበት ጋራዥ መጥቼ ነበር። አላወቅክም። ምሳ ሰዓት ነው፣ ሌሎቹ ወጥተዋል፣ አንተ ከአንድ ነጭ ፒካፕ ሥር ተኝተሃል። እግሮችህ ብቻ ይታያሉ፣ የግራ ጫማህ ማሰሪያ ተፈትቷል። «ወንድም ጋሼ» አልኩ። እግርህ ንቅንቅ አላለም። ጠጋ ብዬ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩ። አሁንም ምንም። ሰምቶ ነው ዝም ያለኝ፣ ይበለኝ ብዬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። ያን ሁሉ ይቅርታ ለጫማህ ጠይቄ መመለሴን የት አውቄ!

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ማክሰኞ ሚስትህ ሁለት ሱሪህን ይዛ፣ «አሳጥሪልኝ» ብላ መጣች። ሱሪዎቹን የሰፋኋቸው እኔ ነኝ። ልክህን ከእሷ በላይ አውቃለሁ፣ የሚያጥር ነገር የላቸውም። «ምን ሆነሻል?» አልኳት። ሱሪዎቹን ደረቷ ላይ ይዛ ቁጭ አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«የግራ ጆሮው ሄዷል፣ ቀኙም እየሄደ ነው ብሎታል ሐኪሙ» አለችኝ። «ዓመት ሊሞላው ነው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። በድምፅ ብቻ የመኪና በሽታ የሚያውቅ ሰው፣ አሁን እጁን ሞተሩ ላይ ጭኖ ነው የሚያዳምጠው። ጋራዥ ከታወቀብኝ ማን መኪናውን ያምነኛል ብሎ እንቅልፍ የለውም። ድምፅ ሲደራረብበት ደግሞ የሰው ቃል ጭራሽ ይጠፋበታል። እናንተ ጋ ሲመጣ...» አለችና ተወችው።

«ጨርሺው» አልኳት።

«ቀንሺልኝ ማለት አቃተው። ደክማ የመረጠችውን እንዴት አጥፊ እላታለሁ ይላል።»

በሞቴ፣ እንዳትቆጣት። አፏን ያስከፈትኳት እኔ ነኝ፤ ሱሪዎቹንም ሳልነካቸው መልሼላታለሁ።

እሷ ስትሄድ በረንዳችን ትዝ አለችኝ። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ተቀምጠን፣ መኪናው ከመታጠፊያው ሳይወጣ በፊት ድምፁን ሰምተህ፣ «ይቺ ቀበቶዋ የላላ ናት፣ ውስጧ ደግሞ ከሠርጉ ያመለጠ ሙሽራ አለ» ትለኝ ነበር። መኪናዋ ስታልፍ ቆሜ አጨበጭብ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታችን ያ ነበር። ተረትህ ሁሉ በጆሮህ በኩል ነው የመጣው።

በማግሥቱ የግራ ጆሮዬን በጥጥ ጠቀጠቅኩ፣ ቀኙንም በከፊል፣ በላዩ ሻሽ አሰርኩና ሙዚቃዎቼን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየከፈትኩ ደንበኛ ሳስተናግድ ዋልኩ። መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ዝናቡ የሰውን ቃል ጠራርጎ ይወስዳል። የሴቶቹ ዜማ ከዝናቡም ይብሳል። የገበያውማ አይነሳ። አንዲት እናት አሥር ደቂቃ ሙሉ ስታወራኝ ፈገግ እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ምን ላድርግ? «አልሰማሁሽም» ሦስት ጊዜ ይባላል፣ አራተኛው ያሳፍራል። ለካ አራት ዩኒፎርም ለዓርብ አደርሳለሁ ብያታለሁ! ይኸው ደብዳቤውን እያቋረጥኩ ኪስ እሰፋለሁ።

ያንን ራስ መነቅነቅ ግን አውቄዋለሁ። በድንጋዩ በር ፊት አንተ ላይ ያየሁት ነው። ከሥራ በኋላ ጥጡን ከጆሮዬ መዝዤ ጣልኩ። እኔ አወጣሁት፣ ተገላገልኩ። አንተ ግን ምን ታወጣለህ?

መቶ አምስቱን ሰርዣለሁ። መጀመሪያ ያጠፋሁት ዝናቡን ነው። ሰባት ቀርተዋል፣ ሁሉም ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ቀስ የሚሉ። አዲስ ቦታ ስንደርስ፣ ማንም ሳይናገር በፊት፣ አንዱን ለአንድ ደቂቃ እከፍታለሁ። አንተ ቀና ስትል አጠፋለሁ። ከዚያ በኋላ የእኛ ድምፅ ብቻ ነው፣ አንድ በአንድ፣ በተራ። አዎ፣ እኔም በተራዬ! ስፒከሯን ከመደርደሪያው አውርጄ በቀኝህ በኩል ጠረጴዛው ላይ አድርጌአታለሁ። ወንበሬንም ወደ ቀኝህ አዛወርኩ። ሹፌሩ፣ «ቦታዬን ቀማሽኝ» ሲል፣ «መስኮቱ ብርድ ያስገባብኛል» ብዬ ዋሸሁት። እነሱ ምንም አያውቁም። ካንተ አፍ ካልወጣ ከእኔ አይወጣም።

እፈራለሁ ግን። ምን እደብቅሃለሁ! መጥተህ፣ «አዘነችልኝ» ብለህ ብትቀየመኝስ? ዝምታው ራሱ ቢያሳፍርህስ? ደግሞ ጭራሽ ባትመጣስ? ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ ከሩብ ይሆናል፣ ፋርማሲስቷ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ደግሞ ሌላ በሽታ እፈልግልሃለሁ። ይህን ሳስብ መርፌ ስሰካ ጣቴን እወጋለሁ። ካርታው ትተኸው በሄድከው ሁኔታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ነው። አላጠፍኩትም። ሰባት ሳምንት ጨርቅ የምቆርጠው ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው። ጉልበቴ አለቀ፣ ወንድም ጋሼ። ባጥፈው የማትመጣ ስለሚመስለኝ ነው።

ይቅርታዬን አሁን በትክክል ልበል፤ ያኛው ጫማህ ጋ ቀርቷል። ስላልሰማኸኝ ሳይሆን ስላላየሁህ ይቅር በለኝ። ዓመት ሙሉ ጣትህን እያየሁ ፊትህን አላየሁም።

ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። እዚህ ላይ ምንም አይደራረብብህም፤ ያላገኘኸውን መልሰህ ታነበዋለህ፣ ማንም አይስቅብህም። በዚያች ቅዳሜ ሦስት ጊዜ የተናገርኩትን አሁን አንዴ እጽፈዋለሁ። ዘበኛው «ማን ነው የሚቀረው?» ብሎ ነበር። የሚቀር ጠፍቶ አይደለም በሩ የተዘጋው፤ ንገርልኝ። ሌባዋ ከረጢቷን መሬት አስቀምጣ እንዲህ ብላው ነበር፦

«እነሱ ይለፉ፣ አባባ። እኔ ካንተ ጋር እቀራለሁ።»

በቀኝህ በኩል፣
እህትህ ጩጬ