ጓንት ላይ የተጻፈ

ጥቅምት 4

ሃምሳ ሁለት ላይኛው፣ አርባ ስምንት ታችኛው። ዛሬም! ቁጥሩን ጓንቴ ላይ ጻፍኩት፣ አየሁት፣ ጓንቱን አውልቄ ጣልኩት። የቤተ ሙከራችን ደንብ ነው… ያማረ ውጤት መዝገብ ላይ፣ ያላማረ ጓንት ላይ። ማን እንደጀመረው እንጃ። አዲስ ሰው ሲመጣ ማንም አይነግረውም፤ በሁለተኛው ሳምንት ራሱ ይደርስበታል።

ከጎረቤቴ በቀር። ከፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው የምትሠራው። ሁሉንም መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ በቀለም። ሃምሳ አንድ በአርባ ዘጠኝ። ሃምሳ በሃምሳ። ከሰኔ ወዲህ እንዲሁ። ምን ነክቷት ነው?

ጥቅምት 7

እማዬ ሰፈሩን ሁሉ «ልጄ መድኃኒት ይሠራል» ብላ ጨርሳለች። ዛሬ እህቴ ቤት ምሳ ላይ ያዘችኝ።

«ለምን በሽታ ነው ግን?»

«ገና ነው እማዬ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ገና?»

ሳህን አንስቼ አስረዳኋት። ሳህኑ ስቴሮይዱ፣ መድኃኒቱ የሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ ነው በይ፤ አራት ቀለበት እርስ በርሱ ተያይዞ። እኛ ናይትሮጅን ያለበት አምስተኛ ቀለበት እንጨምርበታለን። ከሳህኑ በላይ በኩል ከተለጠፈ የምንፈልገው እሱ ነው፤ ከታች ከተለጠፈ ከንቱ ነው። ጭንቀታችን ሁሉ ከላይ ብቻ እንዲለጠፍ ማድረግ ነው።

«ታዲያ ሳህኑን መገልበጥ ነዋ!» አለች። ሹካዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

እህቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ጥቅምት 11

ዛሬ «ዘጠና ስምንት» መጡ። ፕሮፌሰራችን ናቸው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ሰበቡ ደግሞ እኔ። ባለፈው ሰኔ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ዘጠና ስምንት ላይኛው፣ ሁለት ታችኛው አገኘሁ። ከዚያማ ጉድ ፈላ! ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ የሚያህል ፖስተር ተሰቀለ። ሦስት ጉባኤ ላይ ተነገረ። እኔም «ወርቅ እጅ» ተባልኩ። ያኔ ማግኘት ከነበረብኝ ከመቶ አርባ ስድስቱን ብቻ ነበር ያገኘሁት። የቀረው የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔስ? ሰው እየተሞገሰ ይጠይቃል እንዴ?

ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ። አሥራ ዘጠኝ ጓንት ጣልኩ። ግን መጥቶ ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ይመጣል።

ዛሬ የጎረቤቴን መዝገብ ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እሱ የሠራውን መድገም እንዴት ያቅትሻል? ለዚህ ሥራ የሚሆን እጅ የለሽም!» አሏት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ውሏ ኅዳር ሰላሳ ያልቃል። አላድስላትም» አሉኝ፣ ልክ እኔን ለማስደሰት እንደሚነገር ነገር።

ሁለት ልጆች አሏት።

ምን አልኩ? «እሺ ፕሮፌሰር» ነው ያልኩት።

ጥቅምት 19

ጎረቤቴ «አንድ ቀን አብረን እንሥራው። የቱ ጋ እንደምሳሳት እየኝ፣ በእናትህ» አለችኝ።

«ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል» አልኳት።

ምንም ሥራ አልበዛብኝም። አብረን ከሠራን የኔንም ታያለቻ።

ኅዳር 2

የዕቃ ክፍሏ እትዬ ዛሬ ተነሥተውብናል። የኬሚካል ቆሻሻ የሚወስዱት ሰዎች ከአምና ጀምሮ ዝር አላሉም፤ ቁም ሣጥኑ ሞልቶ አልዘጋ አለ። «የየራሳችሁን ጠርሙስ ኑና አንሱ! የናንተን ጉድ ስጠብቅ ልሙት እንዴ?»

የኔ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ነበረች። ጽሑፉ የራሴ ነው… «ሰኔ 12፣ ከማጣሪያ የወረደ»።

ከማጣሪያ? መቼ ነው ያጣራሁት?

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ ነጣ» አሉኝ እትዬ። ብልቃጧን ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 3

አስታወስኩ። በሰኔ የመለኪያው ማሽን ሳምንት ሙሉ ተበላሽቶ ነበር። ድብልቁ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሲጠብቅ ነጭ ጠጠር አወጣ። ሥራ ፈትቼ ስለነበር አጣራሁት፤ በቀዝቃዛ አልኮል አጠብኩት። ማሽኑ ሲጠገን ማጣሪያ ወረቀቱ ላይ የቀረውን ጠጠር ብቻ ይዤ ሮጥኩ። መዝገቡ ላይ ስለ ማጣራት አንዲት ቃል የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ማሽኑ ደህና ነው፤ ድብልቁን እንዳለ እለካለሁ።

ዛሬ በብልቃጧ ያለውን ፈሳሽ አድርቄ ለካሁት። ዘጠና ሦስት ታችኛው።

ይኸውልህ የጠፋው ግማሽ!

ሁልጊዜም እኩል ነበር ማለት ነው። ላይኛው ጠጠር ሆኖ ወረቀቱ ላይ ቀረ፣ ታችኛው ከአልኮሉ ጋር ወረደ። እኔ የቀረውን ብቻ ለክቼ «ሁሉም ላይኛው ነው» አልኩ። የወደቁትን ከክፍል አስወጥቶ «ተማሪዎቼ በሙሉ አለፉ» እንደሚል አስተማሪ። ወርቅ እጅ!

ቁጥሩን ጓንቴ ላይ ጻፍኩት። ጓንቱን ግን አልጣልኩትም። ኪሴ ውስጥ ነው።

ኅዳር 5

ማንም አያውቅም። ብልቃጧን ብደፋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም…

ኅዳር 9

ነገርኳቸው። ቢሯቸው ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄን ለማን ነግረሃል?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እንግዲያው ለኔም አልነገርከኝም።»

ከዚያ «ቆሻሻ ውስጥ ገብተህ በርብር ያለህ ማነው?» አሉ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። መመረቂያዬ ጥር ላይ ነው፤ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ይሄን አላነሡትም። እስክሪብቷቸውን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አሽከረከሩ። ገባኝ።

ኅዳር 17

ፖስተሩን መስታወት አስገቡለት።

ኅዳር 23

ጎረቤቴ ዕቃዋን በካርቶን መሰብሰብ ጀምራለች። ድንገት ቀና ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። ቆዳው በአልኮል ተሰነጣጥቋል።

«እውነቱን ንገረኝ። እጄ ምኑ ነው የማይረባው?»

ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ፤ ግማሽ ሰዓት ውሃ ስጠጣ ቆየሁ።

ፈሪ። ፈሪ ነኝ።

ኅዳር 26

የሳምንቱ ስብሰባ። የክፍሉ ኃላፊም ነበሩ፣ የጎረቤቴን ውል ጉዳይ ሊሰሙ። «ዘጠና ስምንት» ስለ እጅ ጥራት ማውራት ሲጀምሩ ተነሣሁ። ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም። ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ አጠገቧ ጓንቱን። ከሰኔ ጀምሮ ያለውን ተናገርኩ፤ አሥራ ዘጠኙን ጓንትም።

ከባልደረቦቼ አንዱ የራሱን ጓንት ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

«ስለዚህ ትክክለኛው የሷ መዝገብ ነው?» አሉ ኃላፊው።

«የሷ ብቻ ነው» አልኩ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ «ዘጠና ስምንት»፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ወይ ጉድ!

ጎረቤቴ አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም። መዝገቧን ይዛ ወጣች።

ኅዳር 30

ውሏ ለአንድ ዓመት ታደሰ። የኔ ምረቃ «ላልተወሰነ ጊዜ» ተላለፈ። ፖስተሩ ወረደ፤ በቦታው ሌላ ወጣ፣ ላይኛውን ከታችኛው በማጣሪያ ስለ መለየት። አዲስ ዘዴ ነው አሉ። የፕሮፌሰሩ ስም ከላይ አለ። የኔን ፈልጌ አጣሁት።

ለእማዬ በስልክ ነገርኳት። «ሳህኑን ገልብጠው ብዬህ አልነበር?» አለች። አሁንስ ሳቅኩ።

ታኅሣሥ 2

ጎረቤቴ አመሰግናለሁ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሞኝ!

«አምስት ወር» አለችኝ። «አምስት ወር የገዛ እጄን ስጠላ፣ አንተ ፊቴ ቆመህ ጓንትህን እያወለቅክ ትጥል ነበር።»

ይቅርታ አልኳት። ፊቷን ወደ ጠረጴዛዋ መለሰች።

ታኅሣሥ 11

ሃምሳ ሦስት ላይኛው፣ አርባ ሰባት ታችኛው። መዝገቤ ላይ ጻፍኩት፣ በቀለም።

ጎረቤቴ ከጠረጴዛዋ ማዶ «ስንት መጣ?» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ንግግሯ ነው።

ነገርኳት።

«ከማጣሪያ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

መዝገቧ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ተነሥታ የዛሬውን ናሙና ብልቃጥ ከፊቴ አነሣች፣ ወደ ማሽኑ ክፍል ሄደች፣ ራሷ እንደገና ለካችው።

አላመነችኝም። ደግ አደረገች።