ክብ አልሆን ያለው ጡብ

ለውድ ወንድሜ ለዓባይነህ፦

በዚያ በበረዶው አገር እንደምን ከርመሃል? ሳሉስ ለቀቀህ? ምግቡስ ተስማማህ ወይስ አሁንም ድንች በድንች ነው? እኛ ልደታ ማርያም ትመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

ለልጄ ለኮከቤ የላክኸው የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ ደርሶናል። ግን ኮከቤ በቅጡ ሳትነካው እማዬ ወረሰችው። እንደምታውቀው ከሕመሙ ወዲህ ቀኝ እጇ ዝሎ ማንኪያ እንኳ አልጨብጥ ብሎ ነበር። ሐኪሙ ጣቶችሽን አሠሪ ብሎ የሰጣትን የላስቲክ ኳስ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብላ ወረወረችው። ከእንግዲህ የሰፌድ ስፌቷን ላታነሣ ነው ብዬ ሆዴ ባብቶ ነበር።

ጡቡን ስታይ ምን አደረገች መሰለህ? እንደ ሰፌድ ከመሐል ጀምራ ልታዞረው። ባለማዕዘን ነገር እንዴት ይዙር? «እልኸኛ ነው» ብላ ተቀየመችው። እኔም አላስችል ብሎኝ የኮከቤን ማስመሪያ ይዤ ቁጭ። ያ የአሥረኛ ክፍል ጂኦሜትሪ ለካ አልጠፋኝም! ሦስት ቀጫጭን ጡቦች ሲደረቡ አንድ ወፍራም ያክላሉ። ከጡቡ አናት ብቅ ያለው አንዱ ጉጥ የሚይዘው ቦታ ስምንት ሚሊሜትር ነው፤ የወፍራሙ ቁመት ግን ዘጠኝ ተኩል አለፍ ይላል። እኔ እኩል መስሎኝ ጡቡን በጎኑ አቁሜ ስታገል የነበረው ለካ በከንቱ ነው። አምስት ወፍራም ደርበህ ከስድስት ጉጥ ርዝመት ጋር ብታስተያይ ግን ፀጉር አያስገባም። ባለቤቴ ሙለታ «ሴትዮ፣ ወጡ አረረ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አሮ ነበር።

ለእማዬ፣ በየረድፉ አንድ አንድ ጉጥ ብታሸሺ ጠርዙ እንደ ደረጃ እየሆነ ክብ ይመስልልሻል አልኳት። «ታዲያ ይሄማ የስፌት ቆጠራ አይደል እንዴ» ብላ ታጥቃ ተነሣች። መጀመሪያ በግራዋ ነበር የምትጫነው፤ አልጠብቅ ሲላት ቀኙ ሳታዝዘው መጣ። አንድ ከሰዓት ቀጭ ሲል ሰምቼ ዞር ብል፣ በቀኝ አውራ ጣቷ ተጭናዋለች። ብናገር እጇ የሚደነግጥ መሰለኝ። እሷ ግን «ምን ታፈጪብኛለሽ፣ ቀጭኑን አቀብይኝ» አለችኝ።

አሁን ኮከቤ ተራዬን ስትል፣ አያትየዋ «የሐኪም ትእዛዝ ነው» እያለች ትከለክላታለች።

ሙለታ ናፍቆቱ በርትቶበታል፣ ሰላም ይልሃል። ኮከቤ ጉንጭህን ስማ፣ ሌላ ሣጥን ለእሷ ብቻ እንድትልክ ትለምንሃለች። ጎረቤታችን ሸምሲያም ዱዓዋ አልተለየህም። እማዬ ግን ሰላምታዬን በሰው አላስጽፍም ብላለች። ከታች ያለው ጠማማ መስቀል የእሷ ነው፤ በቀኝ እጇ።

እህትህ መሰለች
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

✝