ማሳው ላይ የተተከለው ችካል

ውድ ወንድሜ ፊደንሲዮ፣

ያለህበት የሰሜን አገር ብርዱ ይራራልህ። እኛን የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ማርያም ጠብቃን ደህና ነን።

ዘንድሮስ ደስታዬ ሌላ ነው፤ በቆሎው ቁመቴን አልፏል፣ አደንጓሬው አገዳው ላይ ተጠምጥሟል። ማክሰኞ ቀያሾች መጥተው የእናታችን ማሳ መሃል ችካል ሲተክሉ እንኳ፣ «ዱባዬን እንዳትረግጡ» ብዬ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ አብልቼ ሸኘኋቸው።

ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን አቡንዲዮ ዘንድ ሄድኩ።

«ኤዱቪሄስ፣ ወንድምሽ እኮ ማሳውን እየሸጠው ነው» አለኝ።

ሳቅኩበት። «ሕጉ አንድ ልጅ ብቻ ይውረስ ስላለ በስሙ ሆነ እንጂ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያረስኩት እኔ ነኝ።»

«ስላረስሽማ ከሌላ ሰው ቀድመሽ የመግዛት መብት ነበረሽ። ትቼዋለሁ ብለሽ ፈረምሽ እንጂ» ብሎ ወረቀቱን አሳየኝ።

ፊርማው የኔው ነው። በዐቢይ ጾም «የውሃ ፓምፕ ማመልከቻ ነው፣ ፈርመሽ መልሺልኝ» ብለህ የላክህልኝ ወረቀት ነው። የወንድሙን ወረቀት ማን ያነባል? ተሳስተህ ሌላ ወረቀት ልከህልኝ ይሆናል፤ ድሮም ዝርክርክ ነህ።

ዶን አቡንዲዮ፣ እስከ ወሩ መጨረሻው የማኅበሩ ጉባኤ ድረስ «ተሳስቻለሁ» ብለህ ከጻፍክ ሽያጩ ይቀራል ብሎኛል። እኔም ለከርሞ ዘር የሚሆኑትን አገዳዎች መርጬ ቀይ ክር አስሬባቸዋለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ፖስተኛውን በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ እህትህ፣
ኤዱቪሄስ